ጨው መሳዩ ጨው፦ ፖታሲየም ክሎራይድ በማሳና በማዕድ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ገለጻ፣ ድሬዳዋ)







እንደሚታወቀው በእንዲህ ዓይነት በዓል ላይ የሚቀርበው ገለጻ ብዙውን ጊዜ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ብድር አመላለስ ወይም ስለ ትርፍ ክፍፍል ነው። የዛሬው ርዕስ ግን ጨው ነው። የግብርና ሙያ ከጨው ጋር ምን አገናኘው የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ አጭር ነው። ደም ግፊት ላለባቸው ሰዎች የገበታ ጨው ምትክ ሆኖ በየሱቁ መሸጥ የጀመረው ነጭ ማዕድን በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ ወደ ማኅበራት መጋዘን ከሚገባው ማዕድን ጋር አንድ ነው። ስሙ ፖታሲየም ክሎራይድ ይባላል። በመሆኑም የምግብ መደርደሪያውንም የማዳበሪያ መጋዘኑንም ቁልፍ የያዘ ማኅበር ከማንም በፊት ጠንቅቆ ሊያውቀው ይገባል።

ጨውና ምትኩ

ሁላችንም የምናውቀው የገበታ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። ከክብደቱ 40 በመቶ ያህሉ ሶዲየም ሲሆን የቀረው ክሎራይድ ነው። ደም ግፊትን ከፍ የሚያደርገው በዋናነት ሶዲየሙ ነው። የጨው ምትክ የሚባለው ደግሞ ከሶዲየሙ ከፊሉ ወይም ሙሉው ወጥቶ በምትኩ ፖታሲየም የገባበት ነው። ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ሁለቱም በውኃ ይሟሟሉ፤ ሁለቱም ጨው ጨው ይላሉ። ፖታሲየም ክሎራይድ ብቻውን ሲቀመስ ግን መረር የሚል፣ ብረት ብረት የሚል ጣዕም ይተዋል። ስለዚህ አብዛኞቹ አምራቾች ከተለመደው ጨው ጋር ቀላቅለው ይሸጡታል። በሰፊው የተጠናው ድብልቅ ከመቶ 75 እጅ ተራ ጨው፣ 25 እጅ ፖታሲየም ክሎራይድ ያለበት ነው። ግማሽ በግማሽ የሆነም፣ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ፖታሲየም ክሎራይድ የሆነም በዓለም ገበያ አለ። ልዩነቱ እጅግ ትልቅ ስለሆነ «የጨው ምትክ» የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግርም። መነበብ ያለበት መጠኑ ነው።

ፖታሲየም በራሱ መርዝ አይደለም። እንዲያውም ያለ እርሱ ልብ አይመታም፣ ጡንቻም አይንቀሳቀስም። ድንች፣ ሙዝ፣ ፓፓያ፣ ቲማቲም፣ ባቄላና ምስር ፖታሲየም አላቸው። ለተቅማጥ የሚሰጠው የኦ.አር.ኤስ. ዱቄትም በአንድ ሊትር ውኃ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ እንዲኖረው ተደርጎ ነው የሚዘጋጀው፤ ተቅማጥ ሶዲየምንም ፖታሲየምንም ጠራርጎ ስለሚያወጣ ሁለቱም መተካት አለባቸው። ጥያቄው እንግዲህ ማዕድኑ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚል ሳይሆን ለማን፣ ምን ያህል፣ ከየት የመጣ የሚል ነው።

ለምን ተፈለገ?

የዓለም የጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲመገብ ይመክራል። ይህ ያልተከመረ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች የዳሰሳ ጥናት የኢትዮጵያውያን አዋቂዎች አማካይ የጨው ፍጆታ በቀን ከ8 ግራም በላይ መሆኑን፣ ከአዋቂዎችም 16 በመቶ ያህሉ ከፍ ያለ የደም ግፊት እንዳለባቸው አመልክቷል። ደም ግፊት ሳያመም፣ ሳያስነጥስ፣ ሳያስተኛ ለዓመታት ይቆይና አንድ ቀን ስትሮክ ወይም የኩላሊት መድከም ሆኖ ይገለጣል።

እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ፍጆታ ያለ ምንም መሣሪያ ሊለካ ይችላል። ስድስት አዋቂዎች ባሉበት ቤት አንድ ኪሎ ጨው በሰው 5 ግራም ሒሳብ 33 ቀን ይቆያል። ያው ኪሎ በ20 ቀን ካለቀ እያንዳንዱ ሰው በቀን ከ8 ግራም በላይ እየወሰደ ነው ማለት ነው። በበርበሬና በሽሮ ውስጥ አስቀድሞ የገባው ጨው፣ በዳቦና በሳምቡሳ ከውጭ የሚበላው ደግሞ ከዚህ ሒሳብ ውጭ ነው። ቡናውን ወይም ሆጃውን በጨው የሚጠጣ ቤት ካለ ያም ይታከልበት።

በአንዳንድ የበለጸጉ አገሮች አብዛኛው ጨው የሚመጣው በፋብሪካ ከተዘጋጀ ምግብ ስለሆነ የማድቤቱን ጨው መለወጥ ብዙም ለውጥ አያመጣም። በእኛ አገር ግን አብዛኛው ጨው በእናቶች እጅ ድስት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የማድቤቱ ጨው ሲለወጥ የሰውነቱም ይለወጣል። ይህ ጥቅሙንም ጉዳቱንም የሚያጎላ ነገር ነው።

ጥናቱ ምን አሳየ?

እስካሁን ከተደረጉት ጥናቶች በስፋቱ የሚታወቀው በሰሜን ቻይና ገጠር የተካሄደው ነው። በ600 መንደሮች የሚኖሩ 20,995 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ሰዎቹ ቀደም ሲል ስትሮክ የመታቸው ወይም ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆኖ ደም ግፊት ያለባቸው ነበሩ። ግማሾቹ መንደሮች 75 እጅ ተራ ጨውና 25 እጅ ፖታሲየም ክሎራይድ ያለበትን ድብልቅ ሲጠቀሙ ግማሾቹ በተለመደው ጨው ቀጠሉ። ወደ አምስት ዓመት የሚጠጋ ክትትል ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ ድብልቁን በተጠቀሙት ዘንድ ስትሮክ በ14 በመቶ፣ ሞት ደግሞ በ12 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። መድኃኒት ሳይጨመር፣ የጨው ዕቃው ብቻ ተለውጦ የተገኘ ውጤት ስለሆነ ዓለምን አስደንቋል። ተጠቃሚዎች ከሕዝብ ቁጥር ጋር ሲነጻጸሩ ድሆች የገጠር ነዋሪዎች መሆናቸውም ለእኛ ትምህርት አለው።

ይሁንና የዚህ ጥናት አንድ ዝርዝር ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል። አጥኚዎቹ ሰው ከመመዝገባቸው በፊት የኩላሊት በሽታ እንዳለበትና ፖታሲየምን በሰውነት ውስጥ የሚያስቀር መድኃኒት እንደሚወስድ ይጠይቁ ነበር። ጥያቄው ለተመዝጋቢው ብቻ ሳይሆን አብሮት ለሚኖረውም ቤተሰብ ነበር። ከቤቱ አንድ ሰው እንዲህ ያለ ችግር ካለበት ቤቱ በጥናቱ አልገባም። ስለዚህ «ጥናቱ አደጋ አላገኘም» ሲባል «አደጋ ሊደርስባቸው የሚችሉ ሰዎች አስቀድመው ተለይተው ስለነበር» የሚለው አብሮ መነገር አለበት።

በዚሁ መሠረት የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር 2025 መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው የገበታ ጨው የሚጠቀሙ አዋቂዎች ፖታሲየም ያለበትን ዝቅተኛ ሶዲየም ጨው ቢተኩ መልካም መሆኑን ያመለክታል። ምክሩ እንደየሁኔታው የሚታይ እንጂ ለሁሉም የታዘዘ አይደለም። ነፍሰ ጡር እናቶችን፣ ሕፃናትንና ኩላሊታቸው የደከመ ወይም በሌላ ምክንያት ሰውነታቸው ፖታሲየምን ማስወገድ የሚያዳግተው ሰዎችን አይመለከትም።

አደጋው የት ላይ ነው?

ከምግብ ከምናገኘው ፖታሲየም ውስጥ ትርፉን አጥልሎ በሽንት የሚያስወጣው ኩላሊት ነው፤ 90 በመቶ ያህሉ በእርሱ በኩል ይወጣል። ጤነኛ ኩላሊት ያለው ሰው ተጨማሪ ፖታሲየም ቢያገኝ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያስወግደዋል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን አያስወግደውም፤ በደሙ ውስጥ ይጠራቀማል። የጤነኛ ሰው ደም በሊትር ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል ፖታሲየም ይይዛል። ከዚህ በብዙ ሲያልፍ የልብ ምት ይዛባል። አንዳንዱ ሰው ጡንቻው ይዝላል፣ ልቡ ይርገበገባል። አንዳንዱ ግን ምንም ምልክት ሳያይ ልቡ በድንገት ሊቆም ይችላል። አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው።

ኩላሊት ብቻ ሳይሆን መድኃኒትም ይህን ያደርጋል። ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም በሰፊው የሚታዘዙት ኢናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪል፣ ሎሳርታንና ስፓይሮኖላክቶን ፖታሲየም በሰውነት ውስጥ እንዲቀር ያደርጋሉ። ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ኮትሪሞክሳዞል፣ ለሕመም ማስታገሻ ብዙ ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛው አይቡፕሮፌንም ፖታሲየምን ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይሰመርበት። እነዚህ መድኃኒቶች ሕይወት አዳኝ ናቸው፤ ማንም በራሱ ፈቃድ ሊያቋርጣቸው አይገባም። መቅረት ያለበት መድኃኒቱ ሳይሆን ያልተጠየቀበት የጨው ምትክ ነው።

ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ ይህ ነው፦ የጨው ምትክን ለመግዛት መጀመሪያ የሚነሣው ሰው ደም ግፊት ያለበት ነው። ደም ግፊት ያለበት ሰው ደግሞ ኩላሊቱ የመጎዳት፣ እነዚህንም መድኃኒቶች የመውሰድ ዕድሉ ከሌላው ከፍ ያለ ነው። ስኳር ሕመም ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ጥቅሙ ያጓጓው ሰውና አደጋው የሚያሰጋው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው።

የድሬዳዋ ሙቀትም መረሳት የለበትም። በደቻቱ ዳር አሸዋ የሚጭን፣ በዋሂል ወይም በጀልዴሳ ማሳ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ የሚውል ሰው ብዙ ላብ ያወጣል። በቂ ውኃ ካልጠጣ የኩላሊቱ ሥራ ለጊዜውም ቢሆን ይቀንሳል። ተቅማጥና ትውከት የያዘውም እንደዚሁ ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው በጨው ምትክ ላይ መተማመን የለበትም። በተለይ በቤት ውስጥ በስኳርና በጨው የሚዘጋጀው የተቅማጥ መጠጥ በምትክ ጨው ፈጽሞ መዘጋጀት የለበትም። የሚያስፈልገው ሶዲየም አይኖረውም፤ ፖታሲየሙም ከልክ ያልፋል። ኦ.አር.ኤስ.ን ከጤና ጣቢያ ወይም ከጤና ኬላ ወስዶ በተባለው ልክ መበጥበጥ ይበልጣል።

አንድ ድስት፣ ብዙ ሰው

ሦስት ሰዎች በአንድ ቤት ይታሰቡ። አባወራው 45 ዓመታቸው ነው፤ ግፊታቸው ከፍ ማለት ጀምሯል፤ ኩላሊታቸው ተመርምሮ ጤነኛ ነው። እናታቸው 68 ዓመታቸው ነው፤ ስኳር አለባቸው፤ ኢናላፕሪል ይወስዳሉ፤ ኩላሊታቸው ተመርምሮ አያውቅም። ባለቤታቸው ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። ለአባወራው የተገዛው የጨው ምትክ ለእርሳቸው ይጠቅማቸው ይሆናል። ለእናታቸው ግን አደጋ ነው። ለባለቤታቸው ደግሞ አይመከርም።

መድኃኒት ለየሰው ይታዘዛል፤ እያንዳንዱም የራሱን ይውጣል። ጨው ግን ለድስቱ ነው። በአንድ ትሪ ዙሪያ የሚቀመጡት አያት፣ ልጅ፣ ነፍሰ ጡርና ድንገት የመጣ እንግዳ የሚበሉት አንድ ወጥ ነው። ባህላችን ሰውን በአንድ ማዕድ የሚሰበስብ መልካም ባህል ነው፤ ለዚህ ማዕድን ግን ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ስለዚህ በእድር ድንኳን፣ በሠርግ ቤትና በትምህርት ቤት ምገባ የጨው ምትክ መግባት የለበትም። ማን ምን ሕመም እንዳለበት የሚያውቅ የለምና።

ዓለም ከዚህ በፊት በምትክ ጨው ተምራለች። እ.ኤ.አ. በ1949 አሜሪካ ውስጥ የልብና የግፊት ሕመምተኞች ከሶዲየም ነፃ ተብሎ ሊቲየም ክሎራይድ የተባለ ማዕድን በገበታ ጨው ፈንታ ይሸጥላቸው ነበር። ጣዕሙ ጨው ስለነበር ሰዉ ወደደው። ብዙም ሳይቆይ ሰዎች ተመረዙ፤ የሞቱም ነበሩ። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሕዝቡ ወዲያውኑ እንዲያቆም አስጠነቀቀ፤ ዕቃውም ከገበያ ወጣ። ፖታሲየም ክሎራይድ እንደ ሊቲየም አይደለም፤ የሰውነት ተፈጥሯዊ ንጥረ ነገር ነው። ትምህርቱ ግን አይለወጥም። ጨው ጨው ማለቱ ለምግብነቱ ምስክር አይሆንም።

አዮዲኑ እንዳይጠፋ

የጨው ጉዳይ በአገራችን ከአዮዲን ተለይቶ አይታይም። ለብዙ ዘመን ከዳናክል በግመል ተጭኖ ይወጣ የነበረው አሞሌ ገንዘብም፣ ቅመምም፣ የከብት ማዕድንም ነበር። በኋላ ሰፊው ፍጆታ በቀይ ባሕር ዳርቻ ከአሰብና ከምጽዋ በሚመጣው ጨው ተሸፈነ። አዮዲን የመጨመሩም ሥራ በዚያ ተጀምሮ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ያ መንገድ ተዘጋ። ገበያውን የያዘው በአፋር ክልል የሚመረተው የአፍዴራ ጨው ሆነ። ከሐይቁ ዳር በብዙ አነስተኛ አምራቾች ይሰበሰብ የነበረው ያ ጨው በአብዛኛው አዮዲን አልነበረበትም።

ውጤቱ በቤት ውስጥ ታየ። በ2003 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀሙ ቤተሰቦች 15 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳየ። አዮዲን ሲጎድል እንቅርት ብቻ አይመጣም። ፅንስ ይወርዳል፤ የሚወለደውም ሕፃን የአእምሮ ዕድገቱ ሊጎዳ ይችላል። በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 204/2003 ወጥቶ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀሙ ቤተሰቦች 89 በመቶ ደረሱ። በአምስት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል መራመድ ቀላል ድል አይደለም።

አሁን ይህ ድል በጓሮ በር እንዳይወጣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከውጭ የሚገባ የጨው ምትክ አዮዲን ያለው አለ፤ የሌለውም አለ። ለአያት ግፊት ተብሎ አዮዲን የሌለው ምትክ ወደ ድስቱ ከገባ የሚጎዳው በማህፀን ያለው የልጅ ልጅ ነው። ስለዚህ የፓኬቱ ላይ ጽሑፍ ሲነበብ የፖታሲየሙ መጠንና የአዮዲኑ መኖር አብረው ይታዩ።

ማዳበሪያና ምግብ አንድ በር አይገቡም

አሁን ወደ መጋዘኑ እንመለስ። ለረጅም ዘመን የአገራችን አፈር ፖታሲየም አያንሰውም ተብሎ ይታመን ስለነበር ገበሬው የሚያውቀው ዳፕና ዩሪያን ብቻ ነበር። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በተካሄደው የአፈር መረጃ ጥናት ፖታሲየም የጎደላቸው አካባቢዎች መኖራቸው ታወቀ። በዚህም ምክንያት ፖታሽ የሚባለው ማዳበሪያ ወደ ገበሬው መድረስ ጀመረ። የማዳበሪያ ማደባለቂያ ፋብሪካዎችም የተቋቋሙት እንደ በቾ ወሊሶ፣ እንደርታ፣ ጊቤ ዴዴሳ፣ መሊቅና መርከብ ባሉ የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ነበር። ይህም የኅብረት ሥራ ንቅናቄው ከዚህ ማዕድን ጋር ያለውን ቅርበት ያሳያል። የማዕድኑ መገኛም ሩቅ አይደለም። በአፋር ዳሎል ከፍተኛ የፖታሽ ክምችት አለ፤ ጣሊያኖች ከመቶ ዓመት በፊት ከዚያ እያወጡ በባቡር ወደ ባሕር ያደርሱ ነበር።

ታዲያ ማዕድኑ አንድ ከሆነ ከማዳበሪያው ቆንጠር አድርጎ ለምግብ ማዋል ምን ነውር አለው የሚል ሰው አይጠፋም። ነውሩ ይህ ነው። ለምግብ የሚዘጋጀው ፖታሲየም ክሎራይድ ከመቶ 99 እጅ ያህል ንጹሕ ነው፤ ባዕድ ነገሩ እየተለካ ነው የሚታሸገው። የማዳበሪያው ግን ለአፈር የተሠራ ነው። እንዳይጋገርና አቧራ እንዳይሆን የሚቀባ ኬሚካልና ዘይት አለበት፤ ቀይ የሚመስለውም የብረት ዝገት ስለተቀላቀለበት ነው። ነጭ የሆነም ስላለ በመልክ መለየት አይቻልም። ከሌሎች ማዳበሪያዎች ጋር ተደባልቆ የመጣ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ አይነካም።

በከተማም በገጠርም ከረጢቱን ራሱን «ማዳበሪያ» ብለን እንጠራዋለን። «አንድ ማዳበሪያ ማሽላ»፣ «ግማሽ ማዳበሪያ በቆሎ» ይባላል። ይህ አነጋገር ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ታጥቦ እህልና ጨው የሚሞላበት ልማድ ካለበት ኑሮ የመጣ ነው። ልማዱ ግን መቅረት አለበት። በአንድ ጣሪያ ሥር የፍጆታ ዕቃና የግብርና ግብዓት የሚያስቀምጥ ማኅበርም ሁለቱን በግድግዳ መለየት፣ የየራሳቸውን ማፈሻና ሚዛን መመደብ፣ በየከረጢቱም ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ «ለምግብ አይደለም» ብሎ መጻፍ ይጠበቅበታል። ማንበብ ለማይችሉ አባላትም ምልክት ይሣል።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ፣ የጨው ምትክ ለመጀመር ያሰበ ሰው ሁለት ነገር ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይሂድ፦ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉና የሚገዛውን ፓኬት። የኩላሊት የደም ምርመራ ይጠይቅ። ከእርሱ ጋር በአንድ ድስት የሚበሉት እነማን እንደሆኑም ለባለሙያው ይንገር።

ሁለተኛ፣ ማኅበራት በሱቃቸው የጨው ምትክ ለመሸጥ ቢያስቡ የሚመለከተው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ አካል የፈቀደውን፣ የፖታሲየም ክሎራይዱ መጠን የተጻፈበትን፣ አዮዲን ያለውንና የአገልግሎት ዘመኑ ያላለፈውን ብቻ ያስገቡ። በፓኬቱ ላይ በላቲን ፊደል ኬ ሲ ኤል ወይም ኢ 508 ተብሎ ከተጻፈ ፖታሲየም ክሎራይድ ማለት ነው። ተፈትቶ በብርጭቆ የሚሸጥ፣ ጽሑፍ የሌለው፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ «የግፊት ጨው» ርካሽ ቢሆንም አይገዛ። ከተራው ጨው ጋርም በአንድ መደርደሪያ አይቀመጥ። ሻጩም «ኩላሊት ወይም ስኳር አለብዎት? የግፊት ኪኒን ይወስዳሉ?» ብሎ ሳይጠይቅ አይሽጥ።

ሦስተኛ፣ የአስተዳደሩ የጤና፣ የግብርናና የንግድ ኃላፊዎች ጉዳዩን ለየብቻ ከማየት በጋራ ቢያዩት መልካም ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የሚያንኳኩት አንድ በር ነው። አንዷ ስለ ማድቤቱ፣ ሌላው ስለ ማሳው ሲናገሩ የሚሰማው ገበሬ ሁለቱንም በአንድ ቋንቋ ሊሰማ ይገባዋል።

አራተኛውና ዋናው ግን ምንም ወጪ የሌለው ነው፤ ጨውን መቀነስ። በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ከቀነሱት ምላስ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚ፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ወጡን ያለ ብዙ ጨው ያጣፍጡታል። በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው ሳይገባበት ቢቀመጥ በድስት የሚገባውን ለመቆጣጠር ይመቻል። ፖታሲየም የሚያስፈልገው ጤነኛ ሰው ደግሞ ከፓኬት ከመፈለጉ በፊት ከራሱ ማሳና ጓሮ ያግኘው። ከላይ የተጠቀሰው ባለ 25 እጅ ድብልቅ 5 ግራም ቢበላ የሚገኘው ፖታሲየም ከሁለት ሙዝ ያነሰ ነው። ፓፓያው፣ ድንቹ፣ ቲማቲሙና ምስሩ ከፖታሲየሙ ጋር ሌላም በረከት አላቸው፤ ገንዘቡም በአባላት ኪስ ይቀራል። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ግን ለእነዚህም ልክ ስላለው ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ድንች እንኳ በብዙ ውኃ ተቀቅሎ ውኃው ሲደፋ ከፖታሲየሙ ከፊሉ ይቀንስለታል።

የተከበራችሁ አባላት፣

አባቶች «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይላሉ። ለጨው ጣዕሙ በቂ ነበር። ለዘመኑ ጨው ግን ጣዕም ብቻ አይበቃም፤ ስሙ፣ መጠኑና ለማን እንደተፈቀደ መታወቅ አለበት። የኅብረት ሥራ ማኅበር የተመሠረተው አባሉ በገበያ ላይ ብቻውን ቆሞ እንዳይታለል ነው። በሚዛን እንዳይታለል የቆመ ማኅበር በማዕድኑም እንዳይታለል መቆም ይችላል። ለዚህም የሚያስፈልገው ትልቅ በጀት አይደለም፤ አንድ ግድግዳ፣ አንድ ጽሑፍና ሁለት ጥያቄ የሚጠይቅ ሱቅ ጠባቂ ነው።

ዩኒየኑ ወደሚቀጥለው ዓመቱ ሲሻገር ጎተራው የሞላ፣ ማዕዱም ጤና የሰፈነበት እንዲሆን ምኞታችን ነው።

መልካም በዓል!